የመምህራን የኦንላይን መማማር ምንድን ነው?

ነገ የምታስተምሩት ርዕስ አለ። ባለፈው ዓመት ክፍሉ በሙሉ ያዛጋበት ነው። ማታ ስልካችሁን ስትነካኩ አንድ የማታውቁት መምህር ያንኑ ርዕስ ሲያስተምር የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ታያላችሁ። «ይቺንማ ነገ እሞክራታለሁ!» ትላላችሁ። የመምህራን የኦንላይን መማማር ማለት ይኸው ነው። አሰልጣኝ የለው፣ ሰርተፍኬት የለው። መምህር ከመምህር የማስተማሪያ ዘዴ ይቀስማል፣ በቃ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። መምህራን በእረፍት ሰዓት ሲያወሩት የኖሩት ነው። ጂን ሌቭ እና ኤቲየን ዌንገር የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ እርስ በርስ ለሚማማሩ ሰዎች «የተግባር ማኅበረሰብ» የሚል ስም ሰጥተዋል። ኢንተርኔት ያደረገው ማኅበረሰቡን ማስፋት ነው። በትምህርት ቤቱ ብቸኛው የፊዚክስ መምህር የሆነ ሰው አሁን ቴሌግራም ላይ ብዙ የሙያ አጋር ያገኛል።

ግን የጎደለ ነገር አለ። የጎረቤት ክፍል መምህር ዘዴውን ሲነግራችሁ ተማሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ምን እንደከሸፈበትም ትጠይቁታላችሁ። ቪዲዮው የሚያሳየው ያማረውን ብቻ ነው።

«ማሰብ፣ መጣመር፣ ማካፈል» የሚባለውን ዘዴ እንውሰድ። ፍራንክ ላይማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ነው። ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ያስባል፣ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር ይወያያል፣ በመጨረሻ ለክፍሉ ይናገራል። እኔ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ነው ያገኘሁት። ጥያቄ ጠየቅኩና «አጠገባችሁ ካለው ጋር ተወያዩ» አልኩ። ጎበዙ አወራ፣ ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። ኋላ ወንበር ላይ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ።

ለካ የመጀመሪያውን እርምጃ ዘልዬዋለሁ። ቪዲዮው ላይም አልነበረም። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ቀድሞ የሚቆርጠው ዝምታን ነዋ! ዝም ብለው የተቀመጡ ልጆችን ማን ያያል? ዘዴውን የሚያሠራው ግን ያ ዝምታ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ብዙውን ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አስተውላለች። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ።

ስለዚህ አሁን አንድ ዘዴ ሳይ «ምን ተቆርጦ ወጥቷል?» እላለሁ። ልጆቹ ስንት ናቸው? ቀድሞ ምን ተለማምደዋል? ለ20 ልጅ የተሠራ ነገር በ60 ልጅ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ደግሞም በአንድ ሴክሽን ብቻ እጀምራለሁ፤ ከከሸፈ በአንዱ ይክሸፍ።

ያንን ዘዴ በማግስቱ ደገምኩት። ሰዓቴን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አልን። እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፣ ከዚያ ለጓደኛው አነበበለት። ስጠይቅ ደግሞ «አንተ ምን አልክ?» ሳይሆን «ጓደኛህ ምን አለ?» አልኩ። የማዳመጥ ግዴታ መጣ። ኳሱ ባይጠፋም ቀነሰ። ማታ የመምህራን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፍኩት፣ የከሸፈውንም ጭምር። በነጋታው የጠየቁኝ ሁሉ ስለ ከሸፈው ነበር።