ከአጽም ተነሥቶ የጠፉ እንስሳትን ጠባይ መገመት ምንድን ነው? እስከምን ድረስስ ያስኬዳል?

ዘሩ ከምድር የጠፋ እንስሳ ምን ይበላ፣ እንዴት ይንቀሳቀስ፣ ልጆቹንስ ይጠብቅ ወይም ትቷቸው ይሄድ እንደነበር ለማወቅ የሚሞክር የቅሪተ አካል ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንትና ጥርስ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስለ እንስሳው ኑሮ የሚሰጠው ድምዳሜ ነው ጠባይን ከአጽም መገመት የሚባለው። ዘዴው ከንቱ አይደለም፤ የመገጣጠሚያ ቅርጽ እግር ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ጥርስም ምን ለመቁረጥ ወይም ለመፍጨት እንደሚመች በግልጽ ያሳያል። ይሁን እንጂ አጥንት በቀጥታ የሚመሰክረው እንስሳው ማድረግ ይችል ስለነበረው ነገር ነው። ከሚችለው ውስጥ የትኛውን ያደርግ እንደነበር፣ መቼና ከማን ጋር ያደርገው እንደነበር ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በጠፉ እንስሳት ሥዕሎችና ዘጋቢ ፊልሞች ላይ የሚታየው ግነት አብዛኛው የሚመነጨው ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ከመቁጠር ይመስለኛል።

ለዚህ ልዩነት ከጣና የተሻለ መፈተኛ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ እዚህ አጽሙም የአጽሙ ባለቤትም ሁለቱም ይገኛሉና። በባሕር ዳር የዓሣ ገበያ «ነጭ ዓሣ» በሚል አንድ ስም የሚሸጠው ዓሣ በሳይንስ ላቢዮባርበስ የሚባል ወገን ሲሆን፣ በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉት ተመዝግቧል። ወገኑ ከካርፕ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚያደቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው፤ ጨጓራም የላቸውም። እንግዲህ የጣና ነጭ ዓሣ ሁሉ አልቆ አጽሙ ብቻ ከደለል ውስጥ ቢገኝ፣ በሌላው ዓለም ያሉ ዘመዶቹ በአብዛኛው ዕፅዋት፣ ነፍሳትና ከጭቃ የሚለቀም ነገር እንደሚበሉ የሚያውቅ ተመራማሪ ይህን ጥርስ አልባ አፍ አይቶ «ዓሣ አዳኝ ነው» ለማለት ይደፍር ነበርን? ከ15ቱ ዝርያዎች 8ቱ ግን ዓሣ በል ናቸው፤ ትናንሽ ዓሦችን አሳደው ይይዙና ይውጣሉ።

አጽሙ ምንም አይረዳም ማለት ደግሞ አይደለም። ከኔዘርላንድ የዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈርዲናንድ ሲቢንግና ሊዮ ናኸልከርከ የእነዚህን ዓሦች የአፍ ስፋት፣ የራስ ርዝመት፣ የስንጥብ (የዓሣ መተንፈሻ አካል) ቅስትና ሌሎች የአካል ክፍሎች ለክተው እያንዳንዱ ዝርያ የትኛውን ምግብ መያዝና መዋጥ እንደሚችል ካሰሉ በኋላ፣ ስሌቱን በዓሦቹ አንጀት ውስጥ ከተገኘው ምግብ ጋር አነጻጽረዋል። የአካል ቅርጽና የምግብ ዓይነት ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ ሥራ መረዳት ይቻላል። ነገር ግን የለኩት ሥጋ ያለውን ሙሉ ዓሣ ነው፤ ግምታቸው ልክ ይሁን አይሁንም ሆዱን ከፍተው የማረጋገጥ ዕድል ነበራቸው። የቅሪተ አካል ተመራማሪ ይህን ዕድል የሚያገኘው እጅግ አልፎ አልፎ፣ የመጨረሻው ምግብ ከአጽሙ ጋር ሲቀበር ብቻ ነው።

ከምግብ ወደ መራባት ስንሻገር አጥንቱ ጭራሽ ዝም ይላል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ በመጓዝ በጠጠራማ ወራጅ ውሃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ወደ ወንዞቹ ሲወጡ አይታዩም። ይህን የሚለይ ምልክት በአከርካሪያቸው ላይ የለም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣም እንዲሁ ነው፤ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋ እየጫረ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ የተዳቀሉትን እንቁላሎች በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈሉ ትይዛቸዋለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። የቆሮሶን የመንጋጋ አጥንት ብቻ የያዘ ሰው ያ አፍ ማሳደጊያም እንደነበር ከየት ያመጣዋል?

ድርጊቱ ራሱ በድንጋይ ሲቀር ነገሩ ይሻሻላል፤ ዱካ፣ ጎጆ፣ የጥርስ ንክሻ፣ ሆድ ውስጥ የቀረ ምግብ ከቅርጽ ግምት የበለጠ ክብደት አላቸው። በታንዛኒያ ላኤቶሊ በ1978 በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የተገኘው የ3.66 ሚሊዮን ዓመት ዱካ የሰው ዘር ቅድመ አያቶች በዚያን ጊዜ በሁለት እግር ይሄዱ እንደነበር ያለ ብዙ ክርክር አሳይቷል። ሆኖም አብሮ መገኘትም ያሳስታል። በ1923 በሞንጎሊያ አንድ ትንሽ ዳይኖሰር ከእንቁላል ክምር ላይ ተገኘና እንቁላሎቹ የሌላ እንስሳ እንደሆኑ ስለታሰበ በ1924 አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ኦቪራፕተር፣ ማለትም እንቁላል ነጣቂ፣ ብሎ ሰየመው። በ1993 በተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ የተገኘው ሽል የዚያው ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ፤ በጎጆ ላይ እንደ ወፍ የተቀመጡ አጽሞችም ተገኙ። ለኦስቦርን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ስሙ ስለ እንስሳው አመጋገብ ሊያሳስት እንደሚችል በዚያው ጽሑፉ አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ተረስቶ ስሙ ቀረ።

በአገራችን ግኝቶች ላይ የሚነሣው ክርክር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዲኪካ በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም የትከሻ አጥንቷ ከጎሪላ ጋር የሚቀራረብ ቅርጽ አለው። ይህ ማለት የእሷ ወገኖች ዛፍ ይወጡ ነበር ማለት ነውን? አንዱ ወገን አዎን ይላል፤ ሌላው ግን ቅርጹ ከቀደሙ አያቶች የተወረሰና ከጥቅም ውጪ ሆኖ የቀረ ሊሆን ይችላል ብሎ ይከራከራል። ከቅርጹ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚረዳው እንስሳው በሕይወት ሳለ በሥራ ብዛት የሚለወጥ የአጥንት ክፍል ነው፤ ብዙ ጫና የሚሸከም አጥንት ግድግዳው ይወፍራልና። በ2016 የታተመ ጥናት የዚያው ወገን የሆነችውን የድንቅነሽን የክንድና የጭን አጥንቶች በስካን አነጻጽሮ ክንዷ በአንጻራዊነት ጠንካራ እንደነበር ስላሳየ፣ እጆቿን ለመውጣት ትጠቀም ነበር የሚለው ሐሳብ ተጠናክሯል። በዚያው ዓመት ግን ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ሌላ ጥናት ሲወጣ፣ አግኝዋን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ በርካታ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም፤ ተመሳሳይ ስብራት ከሞት በኋላ በመሬት ክብደትም ይፈጠራልና። እኔም እዚህ ላይ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነኝ።

ስለ አጥንት ውፍረት ከተነሣ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የሚኖረው ጉማሬ ሊጠቀስ ይገባዋል። አጥንቱ ድፍንና ከባድ በመሆኑ ከውሃው በታች እየረገጠ ለመሄድ ይረዳዋል። ስፓይኖሳውረስ የተባለውን ከግብፅ የተገኘ ትልቅ ዳይኖሰር ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2022 የአጥንቱን ድፍንነት ከብዙ እንስሳት ጋር አነጻጽረው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ያድን ነበር የሚል ድምዳሜ አወጡ። በዚያው ዓመት ፖል ሴሬኖና ባልደረቦቹ ሰውነቱ ለመጥለቅ እንደማይመች፣ ይልቁንም በዳርቻ እየተራመደ ዓሣ ይይዝ እንደነበር ጽፈው ተቃወሙ። ጉማሬ ይህን ክርክር ያጠራዋል፤ ድፍን አጥንቱ ውሃ ውስጥ እንደሚውል ይመሰክራል፣ ምግቡን ግን የሚያገኘው በየብስ ነው። ትላልቅ ክራንቻዎቹም ለሥጋ አይደሉም፤ ወንዶቹ እርስ በርስ የሚዋጉባቸው ናቸው።

ጉማሬ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህሉን መልሰን እናገኝ ነበር? የተለመደው መንገድ የቅርብ ዘመዶችን ከሁለት ወገን ማየት ነው፤ ለምሳሌ አዞም ወፍም ጎጆ ስለሚሠሩ በዘር ሐረግ በመካከላቸው ያሉት ዳይኖሰሮችም ይሠሩ ነበር ማለት ተገቢ ግምት ነው። የጉማሬ የቅርብ ዘመድ ግን ዓሣ ነባሪ ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት እንደ ላምና በግ ያሉት አመንዣጊዎች ናቸው። አንዱ በባሕር ሌላውን እንስሳ ይበላል፣ ሌላው በየብስ ሣር ይግጣል፤ ከሁለቱ ተነሥቶ ስለ ጉማሬ መፍረድ አይቻልም። ከዘመድ ንጽጽር ይልቅ የጥርሱ ኬሚስትሪ ይረዳ ነበር። በጥርሱ ውስጥ ያለው የካርቦን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች) ሣር በል እንደነበር፣ የኦክስጅኑ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይውል እንደነበር ይጠቁማል። ሁለቱን ያጣመረ ተመራማሪ ከውሃ ወጥቶ ይግጥ እንደነበር በተገቢው ሊገምት ይችላል። የሚወጣው ሌሊት መሆኑን፣ ወንዱ የውሃውን ዳርቻ ከሌሎች ወንዶች እንደሚከላከል፣ በድምፅ እንደሚጠራራ ግን በየትኛውም መሣሪያ ከዚያ ጥርስ ውስጥ አያወጣውም።