የሮማውያን የወለል ሞዛይክ ምንድን ነው?

የወለል ሞዛይክ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የድንጋይ፣ የሸክላና አልፎ አልፎም የመስታወት ቁርጥራጮች ባልደረቀ ኖራ ላይ ተደርድረው የሚሠራ ሥዕል ነው። ሮማውያን ጥበቡን ከግሪኮች ወስደው በግዛታቸው ሁሉ አዳረሱት። ርግብ፣ ዳክዬ፣ ቆቅ፣ ጣዎስና የወይን ሐረግ በሀብታሞች ቤት ወለል ላይ የተለመዱ ነበሩ።

ጎብኚ የሚያየው ወፉን ነው፤ ወለሉን ያቆየው ግን ከሥሩ ያለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው አርክቴክት ቪትሩቪየስ አሠራሩን ጽፎታል። በተጠቀጠቀ መሬት ላይ ከጡጫ የማያንስ ድንጋይ ይነጠፋል። ቀጥሎ ሦስት እጅ ጠጠርና አንድ እጅ ኖራ ተቀላቅሎ በእንጨት እየተደበደበ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሞላል። በላዩ ሦስት እጅ የተፈጨ ገል ለአንድ እጅ ኖራ፣ ከ11 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ውፍረት ይደረጋል፤ ገሉ ከኖራው ጋር ተዋህዶ እርጥበት እንዲችል ያደርገዋል። ይህ እንግዲህ ደንቡ ነው፤ ተቆፍረው የወጡት ብዙዎቹ ግን ከዚህ የሳሱ ናቸው።

የመጨረሻው ስስ የኖራ ልስን የሚቀባው ሳይደርቅ ተደርድሮ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው። እስራኤል ውስጥ ሎድ ከተማ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው፣ 300 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራው ወለል በ2009 ሲነሳ፣ ከሥሩ ባለው ልስን ላይ የሠራተኞቹ የባዶ እግርና የጫማ ዱካ ታትሞ ተገኝቷል።

ወፉ ሲሠራ መጀመሪያ ዙሪያው በጥቁር ጠጠር ይከበባል። ውስጡ የላባውን አቅጣጫ ተከትሎ ይሞላል፤ ክንፍ ክንፍ የሚመስለው ከቀለሙ ይልቅ በድርድሩ ነው። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ነጭ ጠጠር ቅርጹን ተከትሎ ይዞረዋል፤ የቀረው መደብ በቀጥታ መስመር የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ነጭ ረድፍ ከተዘለለ ቀጥታው መስመር ጠርዙ ላይ እየተቆራረጠ ይገባና ወፉ የተቦጫጨቀ ይመስላል። ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ድንጋይ በቀላሉ ስለማይገኝ ለጣዎስ አንገት መስታወት ይገባል። መስታወት ደግሞ እርጥበት እየበላው ይፈረፈራል፤ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ቢታይ አያስገርምም።

ከ4 ሚሊ ሜትር ባነሱ ጠጠሮች የሚሠራው ረቂቅ ዓይነት በሠሪዎቹ ወርክሾፕ ተሠርቶ ነው ወለሉ መሃል የሚገባው። በ1737 ሮም አቅራቢያ ቲቮሊ ከሚገኘው የንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ቪላ የወጣው፣ ከውሃ ዕቃ የሚጠጡ ርግቦች ሥዕል በጠጠሮቹ ማነስ ይታወቃል። ከቅርብ ካልታየ የብሩሽ ሥራ ይመስላል።

የወለል ሞዛይክ ዋነኞቹ ጠላቶች የአፈር መስጠም፣ የዛፍ ሥርና ጨው ናቸው። ያለፈው ክፍለ ዘመን ጥገናም ጉዳት አድርሷል፦ ብዙ ወለሎች ተነስተው ብረት ባለው ሲሚንቶ ላይ ተለጠፉ። ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል፤ ሲሚንቶው ራሱም ጨው ያመጣል። ስለዚህ ዛሬ ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል። ወለሉን በጣት እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጠጠሩ ከሥሩ ለቋል ማለት ነውና ቀጭን የኖራ ፈሳሽ በመርፌ ያስገቡበታል።