ከሆንግ ኮንግ ወደ ካንቶን፦ በቅኝ ግዛት ተፈላጊን አሳልፎ የመስጠት አሠራር

ተፈላጊን አሳልፎ መስጠት ማለት በአንድ አገር ወንጀል ሠርቷል የተባለ ሰው ሸሽቶ ሌላ አገር ሲገባ፣ የሸሸበት አገር ይዞ ለጠያቂው መንግሥት የሚያስረክብበት ሕጋዊ ሥርዓት ነው። በሁለት ነጻ መንግሥታት መካከል ሲሆን ነገሩ በውል ያልቃል። በቅኝ ግዛት ግን ውሉን የሚፈርመው ሌላ፣ ሰውየውን የሚያስረው ሌላ ነው። ውሉ ለንደን ወይም ፓሪስ ይፈረማል፤ የሰውየው ዕጣ የሚወሰነው ባሕር ማዶ ባለ አንድ ገዥ ቢሮ ውስጥ ነው። ይህን ከብሪታንያዋ ሆንግ ኮንግ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆንግ ኮንግ በ1842 ለብሪታንያ ስትሰጥ፣ ከቻይናዋ ትልቅ ከተማ ከካንቶን የሚለያት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሽፍታም፣ ባለዕዳም፣ ያመፀም ሰው ጀልባ ተሳፍሮ ይገባባታል። ስለዚህ ጉዳዩ ገና ከጅምሩ በውል ተጻፈ። የ1843ቱ ተጨማሪ ውል ወደ ሆንግ ኮንግ የሸሸ ቻይናዊ ወንጀለኛ እንዲመለስ አዘዘ። የ1858ቱ የቲየንጺን ውል 21ኛ አንቀጽ ደግሞ የቻይና ባለሥልጣናት ሲጠይቁ ሰውየው ተፈልጎ እንዲያዝ፣ ጥፋቱ ሲረጋገጥም ተላልፎ እንዲሰጥ ደነገገ። ቅኝ ግዛቲቱም በ1850 የራሷን ድንጋጌ አውጥታ ነበር።

እንዲህ ያለው አንቀጽ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1884 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከብሪታንያው አድሚራል ሂወት ጋር አድዋ ላይ በተፈራረሙት ውል ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱና የግብፁ ገዥ ከዲቭ ቅጣት ፈርተው የሸሹ ወንጀለኞችን አንዱ ለሌላው አሳልፎ እንዲሰጥ ተስማምተዋል። ግብፅ ያን ጊዜ በብሪታንያ ጦር ከተያዘች ሁለት ዓመቷ ነበር። ስለ ቦጎስና ስለ ምፅዋ ብቻ የምናነሣው ያ ውል ይህንም ይዟል።

ወደ ሆንግ ኮንግ እንመለስ። በ1865 እዚያ ተደብቆ የነበረ በቻይና መንግሥት ላይ የተነሣው የታይፒንግ አመፅ አንድ መሪ ለካንቶን ባለሥልጣናት ተሰጠ። እነሱም ሥጋውን በቢላ እየቆራረጡ ገደሉት። ብሪታንያውያኑ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ከዚያ በኋላም ተላልፎ የሚሰጠው ሰው እንደማይሠቃይ ማረጋገጫ ይጠይቁ ጀመር። ሰውየው ግን በሕጋቸው መሠረት ነበር የተሰጠው። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ሥርዓቱ ወረቀቱ ትክክል መሆኑን እንጂ ሰውየው በማግሥቱ ምን እንደሚገጥመው አይጠይቅም ነበር።

ከ1870 በኋላ ሁለት የብሪታንያ ሕጎች ለቅኝ ግዛቶች ሁሉ መሠረት ሆኑ። የመጀመሪያው የ1870ው ሕግ ሲሆን ለባዕድ መንግሥታት ጥያቄ የሚያገለግል ነው። በቅኝ ግዛት ውስጥ ጥያቄው ከዚያ መንግሥት ቆንስል ለገዥው ይቀርባል፤ ለንደን ላይ የሚኒስትር የሆነው ሥልጣን እዚያ የገዥው ነው። ሰውየው ተይዞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛው ማስረጃውን አይቶ ካሰረው፣ አንድ ነገር በቃሉ ሊነግረው ግድ ነው፦ 15 ቀን ሳይሞላ እንደማይሰጥ፣ በዚህ ጊዜም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለማቅረብ መብት እንዳለው። የእስረኛው ዕድል ሁሉ ያለው በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ ነው። ጠበቃ ካገኘ ያገኛል፤ ካላገኘ መርከብ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል በሁለት ወር ውስጥ ካልተወሰደ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይችላል። ወንጀሉ የፖለቲካ ከሆነም አይሰጥም።

ሁለተኛው የ1881ዱ ሕግ ከአንዱ የብሪታንያ ግዛት ወደ ሌላው ለሸሸ ሰው ነው፤ ለምሳሌ ከሲንጋፖር ወደ ሆንግ ኮንግ። ቢያንስ 12 ወር ከከባድ ሥራ ጋር የሚያስቀጣ ወንጀል መሆን አለበት፤ 15 ቀኑም አለ፤ ክሱ ተራ ከሆነ ወይም በቅን ልቡና ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ሊለቀው ይችላል። በፖለቲካ ወንጀል ለሚፈለግ ሰው የሚሰጥ ከለላ ግን በዚህኛው ውስጥ የለም። ንጉሠ ነገሥታዊው ግዛት አንድ ቤት ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሸሸ የነጻነት ታጋይ ጥገኝነት የሚያገኝበት ጥግ አልተተወለትም።

የአሠራሩን ጠባይ በደንብ የሚያሳየው የኩዎክ አ ሲንግ ጉዳይ ነው። በ1870 ኑቬል ፔኔሎፕ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ 310 ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞችን ጭና ከማካዎ ወደ ፔሩ ተነሣች። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ተሳፋሪዎች ተታለው ወይም ተገደው ነበር የሚጫኑት። በመንገድ ላይ ተነሥተው ካፒቴኑንና ከመርከበኞቹ የተወሰኑትን ገደሉ፤ መርከቧንም ወደ ቻይና መለሷት። ኩዎክ ሆንግ ኮንግ ላይ ተያዘ፤ ለቻይና ይሰጥም ተባለ። ዋናው ዳኛ ጆን ስሜል በ1871 ለቀቀው፤ በግድ ተጭኖ የሚወሰድ ሰው ነጻ ለመውጣት ቢገድል ነፍሰ ገዳይ አይባልም የሚል አቋም ነበረው። ሰውየው በባሕር ላይ ወንበዴነት ተከስሶ እንደገና ታሰረ፤ ስሜል እንደገና ለቀቀው። ዐቃቤ ሕጉ ለቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ለሆነው፣ ለንደን ላለው ፕሪቪ ካውንስል ይግባኝ አለ። በ1873 የተሰጠው ፍርድ ለሁለት የተከፈለ ነው፦ በፈረንሳይ መርከብ ላይ፣ በባሕር መካከል፣ በፈረንሳያዊ ላይ የተፈጸመ ግድያ በድንጋጌው መሠረት ለቻይና ስለማያሰጥ የመጀመሪያው መልቀቅ ልክ ነበር፤ በወንበዴነት ግን እዚያው ሆንግ ኮንግ ሊዳኝ ስለሚችል ሁለተኛው ስሕተት ነበር። ስሜል ስለ ሰው ንግዱ የተናገረው ቃል ግን እስከ ዛሬ ያስከብረዋል።

ለገዥው ከዚህ ሁሉ የቀለለ የጓሮ በር ነበረው፤ እሱም ማባረር ነው። የቻይናው አብዮተኛ ሱን ያት ሰን በ1896 ለአምስት ዓመት ከሆንግ ኮንግ ታገደ። ማገድ አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ነገር ግን የሚባረረው ሰው የሚሳፈርበት መርከብ ከተመረጠለት ልዩነቱ ይጠፋል። በሰኔ 1931 በኮውሉን የተያዘው ሱንግ ማን ቾ የገጠመው ይኸው ነበር። ዓለም በኋላ ሆ ቺ ሚን ብሎ ያወቀው የቬትናም የነጻነት ታጋይ ነው፤ ፈረንሳዮች በሌለበት ሞት ፈርደውበታል። ጥፋቱ ፖለቲካዊ ስለነበር በ1870ው ሕግ ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደ ኢንዶቻይና እንዲባረር ታዘዘ። ጠበቃው ፍራንክ ሎዝቢ ይህ በሌላ ስም አሳልፎ መስጠት ነው ብለው ተሟገቱ። እዚያው ተረቱ፤ ይግባኙ ፕሪቪ ካውንስል ሲደርስ ግን ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ለፈረንሳይ እንዳይሰጥም ተወሰነ። በጥር 1933 በቻይና የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው አሞይ በመርከብ ወጣ።

ሆንግ ኮንግ በ1997 ለቻይና ስትመለስ በዚያው ዓመት የወጣው የተፈላጊዎች ሕግ ከሌሎች አገሮች ጋር እንጂ ከዋናዋ ቻይና ጋር እንዳይሠራ ተደርጎ ተጻፈ። ያን አጥር ለማንሣት በ2019 የቀረበው ረቂቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አደባባይ አወጣ፤ በጥቅምት ወርም ረቂቁ በይፋ ተሰረዘ።