«ነፃ ሕክምና» የሚባለውን ማን ይከፍለዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የየአገሩ ሕክምና ሲነጻጸር ክርክሩ የሚጦዘው ሦስት ጥያቄዎች ስለሚደበላለቁ ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይሰበሰባል? ሆስፒታሉና ሐኪሙ የማን ናቸው? ታካሚው በሚታከምበት ቀን ከኪሱ ስንት ያወጣል? (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«እንግሊዝ አገር ሕክምና ነፃ ነው»

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሒሳብ እንደማይጠየቁ እውነት ነው። በ1948 የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ በዋናነት ከግብር ስለሚተዳደር ሠራተኛው ሳይታመምም ሲከፍል ይኖራል። መድኃኒት ሌላ ነው፤ በ2025 ዋጋ እንግሊዝ ውስጥ ለታዘዘ ለእያንዳንዱ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ይከፈላል፤ ሕፃናት፣ 60 ዓመት የሞላቸውና ሌሎችም ከዚህ ነፃ ናቸው። ስኮትላንድና ዌልስ ይህን ክፍያ አንስተዋል።

«ሁሉም ሰው እንዲታከም ሆስፒታሉ የመንግሥት መሆን አለበት»

ጀርመን ይህን ታፈርሳለች። ሥርዓቷ ከቀድሞው መሪዋ ከቢስማርክ ዘመን፣ ከ1883 ጀምሮ የቆመው በመድን መዋጮ ነው። ሆስፒታሎቹ የከተማ አስተዳደር፣ የቤተ ክርስቲያንና የግል ድርጅት ናቸው፤ የሰፈር ሐኪሙም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ክሊኒክ አለው። ከሕዝቡ ዘጠና በመቶ ገደማ ሕጋዊ በሚባሉት የመድን ድርጅቶች የታቀፈ ነው።

መሠረታዊው መዋጮ ከደመወዝ 14.6 በመቶ ሲሆን አሠሪና ሠራተኛ እኩል ይካፈሉታል። በወር 3,000 ዩሮ ለሚያገኝ ሰው ጠቅላላው 438 ነው፤ ከደመወዙ የሚቆረጠው 219 ዩሮ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ተጨማሪ መዋጮ ስለሚጥል አወዳድሮ መምረጥ ያዋጣል። ገቢ የሌላት ሚስትና ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረው ይሸፈናሉ።

አዋቂ ታካሚ ሆስፒታል ሲተኛ በቀን 10 ዩሮ ይከፍላል፤ ይህም በዓመት ከ28 ቀን አይበልጥም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከኪስ የሚወጣው ድምር ከቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 2 በመቶ (ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት 1 በመቶ) ሲያልፍ ለቀሪው ዓመት ነፃ መሆን እንደሚቻል ነው። ግን ማመልከት ያስፈልጋል፤ ደረሰኙን የጣለ ሰው ማስረጃ ያጣል።

«አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ካለኝ ምንም አልከፍልም»

ወርሃዊው ክፍያ መግቢያው ብቻ ነው። ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪስ የሚወጣው መጠን) 3,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ የታካሚው ድርሻ 20 በመቶ ነው እንበል። የ10,000 ዶላር ሒሳብ ቢመጣ መጀመሪያ 3,000 ይከፍላሉ፤ ከቀሪው 7,000 ላይ ደግሞ 1,400። ኢንሹራንስ እያለዎት 4,400 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ወርሃዊው ክፍያ ረክሶ ሲታይ ዲዳክቲብሉንና የዓመቱን የክፍያ ጣሪያ ሳያዩ አይፈርሙ።

«ድንገተኛ ክፍል አያስከፍልም»

የአሜሪካ የ1986 ሕግ ሜዲኬርን (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበሉ ሆስፒታሎች የመክፈል አቅም ሳይጠይቁ እንዲመረምሩና ሁኔታውን እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሒሳቡን ግን አይሰርዝም፤ ቢሉ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ያን ጊዜ ዝርዝር ሒሳብ ይጠይቁ፤ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ የገቢ ማስረጃ አያይዘው ይመልሱ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ 240 ቀን እስኪሞላ ማመልከቻውን መቀበል ግዴታቸው ነው። ፈርተው ደብዳቤውን ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ዕድል ያጣሉ።

«አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ጤና ላይ የለበትም»

ሜዲኬርና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሆነው ሜዲኬድ ከ1965 ጀምሮ የመንግሥት ናቸው። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችማ ከነሐኪሞቻቸው የመንግሥት ስለሆኑ ከእንግሊዙ ሥርዓት ጋር ይቀራረባሉ።

«ካናዳ ሁሉንም ይሸፍናል»

የ1984ቱ የጤና ሕግ የሐኪምና የሆስፒታል አገልግሎትን ነው የሚያስገድደው። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል።

«ካልታመምኩ የከፈልኩት መዋጮ ባከነ»

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሰው የሚተወው ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ነው። መድን ቁጠባ አይደለም፤ የዘንድሮው ጤነኛ የዘንድሮውን ታማሚ ይሸፍናል። የታመመ ብቻ ቢመዘገብ ቋቱ ወዲያው ይደርቃል። ጀርመን ይህን የምትከላከለው በግዴታ ነው፤ አሜሪካ የግል ኢንሹራንስ መመዝገቢያውን በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ በመክፈት። የእኛው ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ አባልነት ይመዘግባል፤ ምዝገባና እድሳቱም ወቅት አለው። የከፋ ድሃ የሆኑትን መዋጮ የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

አባል ሆኖም ከኪሱ የሚከፍል አለ። እድሳቱን ያሳለፈ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ሳይረግጥና ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። የታደሰውን መታወቂያ ይያዙ፤ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተም መኖሩን ሳያዩ አይውጡ።