ጭራቅ አድርጎ መሳል ምንድን ነው? ወቀሳ ሁሉ እኮ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የድሬ ልጅ ሲመሽ ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ ስንት እንደተጠየቀ ጻፈ። ከታሪፉ እጥፍ ነው። ወዲያው አንዱ ብቅ አለና «ሾፌሮቻችንን ጭራቅ አድርጎ መሳል ይቁም!» አለ። ላይኩ ጎረፈለት። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ይህች አባባል እንዲህ በየሜዳው ስትወረወር ማየት በእውነት ሰልችቶኛል።

አቦ፣ ልጁ የጻፈው ዋጋ ነው። ቢበዛ ስሞታ ነው። ጭራቅ አድርጎ መሳል ማለት ሰውን በሠራው ነገር መውቀስ ሳይሆን ከነተፈጥሮው ክፉ ነው፣ ስውር ኃይል አለው፣ ደግ ቢሠራ እንኳ ከጀርባው ተንኮል አለ ብሎ መፈረጅ ነው። መለያው ቀላል ነው። የተወቀሰው ሰው ምን ቢያደርግ ወቀሳው ይነሳለታል? ሾፌሩ በታሪፉ ቢጭን ስሞታው እዚያው ያበቃል። ጭራቅ የተባለ ሰው ግን መውጫ የለውም፤ ዝም ካለ እያደባ ነው፣ ከተናገረ እያታለለ ነው።

የአገር ቤት ምሳሌ ካስፈለገ ቡዳ አለላችሁ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ አልፊው «ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል» ሲባሉ ኖረዋል። ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤሎችም ይኸው ደርሶባቸዋል። የሚገርመው፣ ማረሻና ማሰሮ የሚገዛው ከእነሱው ነበር።

ጅብ ከተነሳ ሐረርን ማለፍ አይቻልም። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰው ሥጋውን በእንጨት አድርጎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያጎርሳል። የጅብ መንጋጋ አጥንት እንደሚያደቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ቱሪስቱን «እጅህን ሰብስብ» ቢለው ጅቡን ጭራቅ አደረገው? ጥርስ አለው አለ እንጂ። አለውም። እንዲያውም ጅቦቹን በስም በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ ደህና ወቀሳም እንደዚያው ነው፣ ማን፣ መቼ፣ ስንት ብር ብሎ ይጠራል። (ምሳሌዋን ለጠጥኳት፣ ግን ትንሽ ልጨምር።) ለአሹራ በዓል ለጅቡ ገንፎ በቅቤ የሚያቀርብ ሐረሬም ጥርሱን ረስቶ አይደለም። ጭራቁን የፈጠረው «ይሄ ጅብ አይደለም፣ ቀጥቃጩ እገሌ ነው» ያለው ሰው ነው።

የተረጋገጠ ወንጀል መናገርም ጭራቅ ማድረግ አይደለም። መንግሥቱ ኃይለማርያምን ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎታል። ይህን ማለት ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን መሥሪያ ቤት የገባ ጸሐፊ ሁሉ ደም ጠጪ ነበር ማለት ግን ሌላ ነው።

አንድ ሌላ መደባለቅም አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. አር.ቲ.ኤል.ኤም. የተባለው የሩዋንዳ ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» ይል ነበር። ይህ ከሰውነት ማውረድ ነው። በረሮ ይናቃል፣ ጭራቅ ይፈራል። ብዙ ጊዜ ግን ተያይዘው ነው የሚመጡት። ያው ሬዲዮ ሁቱዎችን «ቱትሲዎች ሊፈጇችሁ እያሴሩ ነው» እያለም ያስፈራራ ነበር። መሥራቾቹን አሩሻ ያስቻለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

ሳትጠይቁኝ ሕጉንም ልንገራችሁ፣ ልማድ ነው። «ጭራቅ አድርጎ መሳል» የሚባል ወንጀል በሕጋችን የለም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው የጥላቻ ንግግርን ነው፤ እሱም ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያራምድ ሲሆን ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ የፖለቲካ ፓርቲም የለም። ፓርቲዬ ተነካ ብሎ አዋጁን የሚጠቅስ ሰው ደግሞ አንቀጽ 6ን ይመልከት፤ የትምህርት ጥናት፣ ዜና፣ የፖለቲካ ትችት፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት እዚያ በግልጽ ተለይተው ወጥተዋል።