«ኢኤስአር ኖርማል ነው» ማለት ልጁ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

ጉልበቱ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት እያነከሰ የመጣ ልጅ «የደም ውጤቱ ኖርማል ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ይህ ስህተት ዛሬም አለመቅረቱ ያናድዳል። ሥር የሰደደ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት የሚባለው ከ16 ዓመት በፊት የሚጀምር፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየና ሌላ መንስኤ ያልተገኘለት ሲሆን ነው። በመስፈርቱ ውስጥ የብግነት የደም ምርመራዎቹ ኢኤስአርም (ቀይ የደም ሴሎች በቱቦ ውስጥ የሚዘቅጡበት ፍጥነት) ሲአርፒም (በብግነት ጊዜ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን) የሉም። ከ4 የማይበልጡ መገጣጠሚያዎችን በሚይዘው ዓይነት ደግሞ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ኖርማል ናቸው። የጉልበቱ ብግነት ግን ሥራውን አያቆምም፤ በትንሽ ልጅ ላይ ከቆየ ያንኑ እግር ከሌላው አስረዝሞ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱን ዳስሱ፣ አጥፉት፣ ዘርጉት፣ ከሌላኛው ጋር አስተያዩት።

ስለ ደም ውጤት የሚሰሙ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ኢኤስአር ከፍ ካለ በሽታው አገርሽቷል።» የደም ማነስም ከፍ ያደርገዋል። ቱቦው ትንሽ ካዘመመ እንኳ ቀይ የደም ሴሎች ቶሎ ስለሚዘቅጡ ቁጥሩ ይጨምራል።

«ኢኤስአር ወረደ፣ እሰይ!» ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ትኩሳትና ሽፍታ ባለው፣ መላ ሰውነትን በሚያጠቃው ዓይነት፣ ትኩሳቱ ሳይበርድ ኢኤስአር በድንገት ከወረደ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ከቁጥጥር ውጭ የሚሆኑበትን፣ ማክሮፌጅ አክቲቬሽን ሲንድረም የሚባለውን ገዳይ ሁኔታ ጠርጥሩ። ኢኤስአርን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሮቲን፣ ፋይብሪኖጅን ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል፣ ሲአርፒ ግን ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። በዚያው ቀን ፌሪቲን (ብረት የሚያከማች ፕሮቲን)፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች)፣ ኤኤስቲ (የጉበት ኢንዛይም)፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ)ና ፋይብሪኖጅን ይታዘዙ። በ2016 በወጣው መስፈርት ፌሪቲን ከ684 ናኖግራም በሚሊሊትር በልጦ ከሚከተሉት ሁለቱ ከተገኙ በቂ ነው፦ ፕሌትሌት 181 ሺህ ወይም በታች፣ ኤኤስቲ ከ48 በላይ፣ ትራይግሊሰራይድ ከ156 ሚሊግራም በላይ፣ ፋይብሪኖጅን 360 ሚሊግራም ወይም በታች። ልብ በሉ፣ 181 ሺህ ፕሌትሌት በላብራቶሪው ወረቀት ላይ ኖርማል ተብሎ ነው የሚወጣው። በሽታው ሲነሳ ፕሌትሌት ከፍ ማለት ስላለበት፣ ትናንት 600 ሺህ የነበረ ልጅ ዛሬ 180 ሺህ ከሆነ ወድቋል። የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን አይነበብ፤ የቀድሞዎቹ ወረቀቶች አጠገቡ ይቀመጡ።

«ሩማቶይድ ፋክተር ኔጌቲቭ ከሆነ በሽታው የለም።» ይህ በደም ውስጥ የሚፈለግ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚ ልጆች ኔጌቲቭ ናቸው።

«ኤኤንኤ በሽታውን ይለያል።» አይለይም። ኤኤንኤ የራስን የሴል ኒውክሊየስ የሚያነጣጥር ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የሚጠቁመው የዓይን ብግነት ስጋትን ነው፤ ያ ደግሞ ዓይንን ሳያቀላና ሳያሳምም ሊጎዳ ስለሚችል ኤኤንኤ ፖዘቲቭ የሆነ ትንሽ ልጅ በየ3 ወሩ በስሊት ላምፕ (የዓይን ሐኪም ማጉያ መሣሪያ) ይታይ።

«ሲአርፒ ዝቅ ካለ ኢንፌክሽን የለም።» ቶሲሊዙማብ የተባለውን የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ይህ አይሠራም። ጉበት ሲአርፒ የሚያመርተው ብግነት በሚያስነሳው መልእክተኛ ፕሮቲን፣ በኢንተርሉኪን 6 ትእዛዝ ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ስለሚዘጋ ከባድ የሳንባ ምች ይዞትም ሲአርፒው ዝቅ ሊል ይችላል። ወላጆች ለማያውቃቸው ሐኪም ገና ሲገቡ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን መርፌ ቀን ይንገሩ።