የጣና ዳርቻ ወፎች፦ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ

ጣና ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ገዳማቱና ዓባይ ነው። ወፎቹን የሚያነሳ ጥቂት ነው። የሐይቁ ዳር ግን፣ ደንገሉ፣ ረግረጉና ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ፣ በአገራችን ወፍ ለማየት ከሚመረጡ ቦታዎች ዋነኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ዳሰሳ የትኛው ወፍ መቼና የት እንደሚገኝ በአማርኛ አንድ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ የተሰናዳ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በስፋቱ በኢትዮጵያ አቻ የለውም። ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ለሚለው ግን የተለያየ ቁጥር ይጠቀሳል፤ አብዛኛው ግን 3,000 እና ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ይህን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለወፎቹ ቁልፉ ይኸው ነው። ሐይቁ ጎድጓዳ ሳይሆን እንደ ሰፌድ ዝርግ ስለሆነ፣ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ጭቃው ይገለጣል፣ ትሉና ቀንድ አውጣው ይወጣል፣ ወፉም ተከትሎ ይመጣል። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይዘውት የሚገቡት ደለልም ሐይቁን በሚቀላቀሉበት ቦታ ሰፋፊ ረግረጎችን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቦታ፣ በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ) መዝግቦታል።

መስከረም እና ጥቅምት

ሐይቁ ሞልቶ የሚታይበት ጊዜ ነው። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ውሃ ለብሶ ይቆያል። ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬን (ክሬን እግሩም አንገቱም ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ ነው) ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖር ወፍ ነው። ጎጆውን የሚሠራው ግን በዝናቡ ወራት፣ ረግረግ ሣር መሐል ነው። ስለዚህ በመስከረም ጫጩት ያስከተለ ጥንድ ማየት ይቻላል። አናቱ ላይ እንደ ወርቅ ጨረር የቆመው ላባ ከሩቅ ያስታውቃል። የእግሩ የኋላ ጣት ረጅም በመሆኑ ከአብዛኞቹ ክሬኖች በተለየ ዛፍ ላይ ቆሞ ማደር ይችላል።

በዚሁ ወቅት የውሃ አበባ በሚበዛበት ጥግ ጃካና የተባለው ወፍ አይጠፋም። ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረጃጅም ስለሆኑ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። እንቁላል የሚታቀፈው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይዟቸው ይሄዳል። ያን ጊዜ ቀረብ ብሎ ላየው፣ ከጎኑ በርካታ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ።

ከኅዳር እስከ የካቲት

ወፍ ለማየት ወደ ጣና አንድ ጊዜ ብቻ መምጣት የሚችል ሰው በእነዚህ ወራት ይምጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ከሰሜን የሚመጡት እንግዶችም በሙሉ እዚህ ናቸው። ዳክዬው በየዓይነቱ ነው። ጭቃ ላይ ምንቃራቸውን ሰክተው የሚለቅሙት ባለ ረጃጅም እግር ወፎች በመንጋ ናቸው። ግን የወቅቱ ጌታ ግራጫው ክሬን ነው።

ይህ ክሬን የሚፈለፈለው በሰሜን አውሮፓና በሰሜን እስያ ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ የሳተላይት ማሰራጫ የታሰረላቸው ክሬኖች በቱርክና በእስራኤል በኩል አድርገው ኢትዮጵያ ድረስ ሲወርዱ ተመዝግቧል። በሰሜን እስራኤል ሁላ ሸለቆ ውስጥ በመኸር ወራት ክሬን የሚያዩ ወገኖቻችን፣ ከመንጋው የተወሰነው ጉዞውን ወደ አገር ቤት እንደሚቀጥል ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። በጣና ዙሪያ የሚከርሙት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ቀን ቀን የሚውሉት እርሻ ላይ ነው። ሩዙና ጤፉ ከታጨደ በኋላ የረገፈውን ይለቅማሉ። እርጥበቱን ተጠቅሞ የሚዘራው ሽምብራና ጓያ ላይም ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ከገበሬው ጋር አይስማሙም። ገበሬው «ዘሬን ፈጁት» ይላል፣ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ይጠብቃሉ። የወፍ አጥኚዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚበሉት ከአጨዳ የተረፈውን ነው ይላሉ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይመስልም፤ እንደ ማሳውና እንደ ወሩ ይለያያል።

ከሁሉ የሚበልጠው የማታው ትዕይንት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፎገራ ውስጥ ሸሸር ወይም ወላላ ረግረግ ዳር ቁጭ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ እንደ እምቢልታ ከሩቅ የሚመጣ። ቀጥሎ ሰማዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይታያል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ያቅታል። እግራቸውን ወደ ታች ዘርግተው ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ከፍተው ይወርዳሉ። የሚያድሩት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። ጅብም ቀበሮም ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊደርስባቸው አይችልም።

አልፎ አልፎ ከአገጩ ሥር ነጭ ቆዳ የተንጠለጠለበት ትልቁ ክሬንም አብሮ ይታያል። እሱ ብርቅ ነው።

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ

በመጋቢት ክሬኖቹ ተጠቃለው ይሄዳሉ። ውሃው እስከ ሰኔ እየወረደ ይሄዳል። ይህ ጊዜ ለዘጌ ጫካ ይሻላል፤ በቡናው መሐል ቱራኮ የተባለው ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ስለሚያስቸግር ወደ ረግረጉ የሚወርድ እንግዳ ብዙም የለም።

የጥናቱ ታሪክ

የጣናን ወፎች በሥርዓት ከመዘገቡት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጧል። ሥራው ዲፕሎማሲ ቢሆንም ልቡ ወፍና ካርታ ላይ ነበር። ሐይቁን ዙሪያውን ዞሮ ዳርቻውን በካርታ አስፍሯል፣ ደሴቶቹን አይቷል፣ የሰበሰባቸውን ወፎችም ከሌላ ባለሙያ ጋር ሆኖ በሳይንስ መጽሔት አውጥቷል። እርግጥ ነው፣ መንገዱን ያሳዩትና ታንኳውን የቀዘፉለት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ከእሱ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚጠቀስ ሥራ የለም። የክሬን ቆጠራው የተጠናከረው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ነው። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም በባዮስፌር ሪዘርቩ ምሥረታ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ውሃው ሲነካ

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት የተጀመረው የፎገራ ሩዝ ዛሬ የአካባቢው መተዳደሪያ ነው። ሜዳውን ከግጦሽና ከረግረግነት ወደ ማሳነት የለወጠውም እሱ ነው። ሸሸርና ወላላ ጠበዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የዓባይን መውጫ መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ቆመዋል፤ የተገለጠው መሬትም ታርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻውን አልብሶታል። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ታግሎታል። እምቦጩ ጭቃውን ሲሸፍን፣ በምንቃራቸው ጭቃ የሚፈትሹት ወፎች መቆሚያ ያጣሉ።

ሩቅ መሄድ ለማይችል ባሕር ዳር ዓሣ የሚወርድበት ዳርቻ ይበቃል። አጥማጁ ቀረሶውን ሲያጸዳ ነጭ ፔሊካኖች ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የዓሣው ሆድቃ ሲወረወር ከረጢታም ምንቃራቸውን ከፍተው ይሻማሉ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት መድረስ ነው።